የድረ ገጽ ማያያዣ አሠራርና ለጥናታዊ ጽሑፍ ዋቢነት ያለው አስተማማኝነት

መግቢያ

በዛሬው ጊዜ የድረ ገጽ አድራሻ የማይገኝበት የድኅረ ምረቃ ጥናት የዋቢ ዝርዝር እምብዛም የለም። አድራሻን መጥቀስ የመጽሐፍን ርእስና ገጽ ከመጥቀስ ጋር እኩል ተደርጎ ይወሰዳል፤ ሁለቱ ግን በባሕርያቸው ይለያያሉ። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ በተለምዶ ሊንክ የሚባለው ማያያዣ እንዴት እንደሚሠራ በማብራራት፣ ለዋቢነት የሚደክምበትን ምክንያትና ድክመቱ የሚቃለልበትን መንገድ ማሳየት ነው።

የማያያዣ አሠራር

ማያያዣ በአንድ ገጽ ውስጥ የሰፈረ የሌላ ገጽ አድራሻ ነው። አድራሻው በዋናነት የመገናኛውን ሥርዐት፣ ሰነዱ የተቀመጠበትን ሰርቨር ስምና ሰነዱ በሰርቨሩ ውስጥ ያለበትን ስፍራ ይገልጻል። አንባቢው ማያያዣውን ሲጫን ብራውዘሩ የሰርቨሩን ስም ወደ ቁጥራዊ አድራሻ አስለውጦ ጥያቄ ይልካል። ሰርቨሩም ሰነዱ ካለ 200፣ በቋሚነት ወደ ሌላ አድራሻ ከተዛወረ 301፣ ካልተገኘ ደግሞ 404 በሚል የመልስ ቁጥር ምላሽ ይሰጣል።

ከዚህ ሂደት እንደምንረዳው ማያያዣ የአንድ አቅጣጫ ጥቆማ ነው። ጠቋሚው ፈቃድ አይጠይቅም፤ ተጠቋሚውም ማን እንደጠቆመው የማወቅ ግዴታ የለበትም። ሃይፐርቴክስት የሚለውን ስያሜ የፈጠረው ቴድ ኔልሰን ያለመው ዛናዱ የተባለ ሥርዐት በሁለቱም አቅጣጫ የሚሠራና የማይበጠስ ማያያዣ እንዲኖረው ነበር። ቲም በርነርስ ሊ እ.ኤ.አ. በ1989 በሰርን የምርምር ማእከል ሐሳቡን ያቀረበው ድር ግን የአንድ አቅጣጫውን መንገድ ያዘ። ማንም ሰው ያለ ማእከላዊ ፈቃድ ገጾችን ማያያዝ መቻሉ ለድሩ መስፋፋት ረድቷል። በአንጻሩ ሰነዱ ሲነሣ ወይም ሲለወጥ ለጠቋሚው የሚደርስ ማስታወቂያ የለም።

በዋቢነት ረገድ የሚታዩ ጉድለቶች

የመጀመሪያው ጉድለት የማያያዣ መበጠስ ነው። ፔው የምርምር ማእከል እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ትንተና በ2013 ከነበሩ ገጾች 38 በመቶ ያህሉ ከዐሥር ዓመት በኋላ ሊገኙ አልቻሉም። ሁለተኛው፣ ማያያዣው እየሠራ ይዘቱ መለወጡ ነው። ይህኛው የስሕተት ምልክት ስለማያሳይ ይበልጥ አሳሳች ነው። ዚትሬን፣ አልበርትና ሌሲግ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔዎች ውስጥ ከተጠቀሱ አድራሻዎች ግማሽ ያህሉ መጀመሪያ ወደተጠቀሰው መረጃ እንደማያደርሱ አሳይተዋል።

በግእዝ ፊደል የተጻፉ አድራሻዎች ተጨማሪ ችግር አለባቸው። እያንዳንዱ ፊደል በዩቲኤፍ 8 ሥርዐት 3 ባይት ይይዛል፤ በአድራሻ ውስጥ ሲመሰጠር እያንዳንዱ ባይት 3 ምልክት ስለሚሆን «ፀሐይ» የሚለው ቃል 27 ምልክቶች ይኖሩታል። ይህን ከወረቀት ላይ ገልብጦ ያለ ስሕተት መጻፍ አስቸጋሪ ነው። አድራሻው በፊደሉ እንዳለ ቢታተምም ሞክሼ ፊደላት ሌላ እንቅፋት ይሆናሉ፤ «ፀሐይ»፣ «ጸሐይ» እና «ፀሀይ» ለአንባቢ አንድ ቃል፣ ለሰርቨሩ ግን ሦስት የተለያዩ አድራሻዎች ናቸው።

የመፍትሔ ሐሳቦች

አንደኛ፣ ሰነዱ ዲኦአይ የተባለው ቋሚ መለያ ካለው ከተራው አድራሻ ይልቅ መለያው ሊጠቀስ ይገባል። አሳታሚው ሰነዱን ሲያዛውር በመዝገቡ ላይ ያለውን አድራሻ ያድሳል፤ በጥናቱ የታተመው መለያ ግን አይለወጥም። ይህ የሚሠራው መዝገቡ እስከታደሰ ድረስ ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ መለያ የሌለው ገጽ በተነበበበት ዕለት ቅጂው በኢንተርኔት አርካይቭ እንዲቀመጥ ማድረግና ቀን የያዘውን የቅጂውን አድራሻ ከዋናው ጋር መጥቀስ ያስፈልጋል። ይህም የይዘት ለውጥን ጭምር ለመለየት ያስችላል። ሦስተኛ፣ የጸሐፊው ስም፣ ርእሱና የተነበበበት ቀን ተሟልቶ ከተጻፈ አድራሻው ቢጠፋም ሰነዱን በሌላ መንገድ መፈለግ ይቻላል።

መደምደሚያ

ማያያዣ ሰነዱ ያለበትን ስፍራ ያመለክታል እንጂ ሰነዱን አያቆይም። ስለሆነም የትምህርት ክፍሎች ጥናት ሲረከቡ የዋቢዎቹን አጻጻፍ ብቻ ሳይሆን የተጠቀሱት ገጾች ቅጂ መቀመጡንም ቢያረጋግጡ መልካም ነው። ዋቢ የሚጠቀሰው ቀጣዩ ተመራማሪ የቀረበውን ማስረጃ ራሱ አይቶ እንዲመዝን ነውና፣ ማስረጃው ከጠፋ ክርክሩም ያለ ምስክር ይቀራል።