አርሰኒክ፦ ወጌሻውን የሚያስር መርዝ

እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ባንግላዲሽ ውስጥ ሕዝቡን ከኩሬ ውሃ ተቅማጥ ለማዳን በሚሊዮን የሚቆጠሩ የእጅ ፓምፕ ጉድጓዶች ተቆፈሩ። ውሃው ጥርት ያለ ነበር፤ ሽታም ጣዕምም የለውም። ከዓመታት በኋላ ግን የጠጪዎቹ ቆዳ ይዥጎረጎር፣ መዳፋቸው ይጠጥር ጀመር። ከከርሰ ምድር ደለል ወደ ውሃው የገባ አርሰኒክ ነበር።

በህዋሳችን ውስጥ ዲኤንኤ በየቀኑ ይጎዳል፤ ጠጋኝ ፕሮቲኖችም ይጠግኑታል። አንዳንዶቹ ጠጋኞች ቅርጻቸውን የሚጠብቁት በሰልፈር በተያዘ ዚንክ ነው። አርሰኒክ ከሰልፈር ጋር አጥብቆ ስለሚጣበቅ ዚንኩን አስወጥቶ ቦታውን ይይዛል፤ ጠጋኙም ሥራ ይፈታል። በዚያ ላይ ዲኤንኤን የሚጎዱ ኦክስጅን ወለድ ሞለኪውሎችን ያበዛል። ስብራቱ በዛ፣ ወጌሻው ታሰረ ማለት ነው። ያልታረመው ስህተት ህዋሱ በተከፈለ ቁጥር ይወረሳል፤ የቆዳ፣ የሳንባና የሽንት ፊኛ ካንሰር አንዱ መንገድ ይህ ነው።

ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ አርሰኒክን አያስወግድም፤ ውሃው ሲተን እንዲያውም ይጠነክራል። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 10 ማይክሮግራም ነው። በእኛም ስምጥ ሸለቆ ከዚህ ያለፉ ጉድጓዶች ተገኝተዋል። ለሰደቃ ጉድጓድ ገንዘብ ስናዋጣ የላብራቶሪ ምርመራውን ወጪ አብረን እንቁጠር።