የቪዲዮ ጌም ቀድቶ የራስን ታሪክ በፊልም ማቅረብ

በዚህ እትም የትምህርት ዓምዳችን የምንመለከተው ከቪዲዮ ጌም በተቀዳ ምስል እንዴት አጭር ፊልም መሥራት እንደሚቻል ነው። በርካታ ወላጆች «ልጄ ቀኑን ሙሉ ስልኩ ላይ ተደፍቶ ይውላል» እያሉ ሲያማርሩ እንሰማለን። ቅሬታቸው እውነትነት አለው። ይሁን እንጂ ያው ስልክና ያው ጌም በዕቅድ ከተሠራባቸው የመማሪያና ሐሳብን የመግለጫ መሣሪያ ሊሆኑ ይችላሉ።

ዘዴው በተለይ ለስደተኛ አንድ ትልቅ ጠቀሜታ አለው። ያሳለፍነውን ለመናገር የምንፈልግ ብዙዎች ነን፤ ፊታችንን በቪዲዮ ለማሳየት ግን አንደፍርም። አገር ቤት የቀሩ ቤተሰቦቻችን በእኛ ምክንያት እንዳይጎዱ እንሰጋለን። በጌም ውስጥ የሚንቀሳቀሰው ሰው ግን ፊቱ የማንም አይደለም። ስለሆነም ታሪኩ የእኛ ሆኖ ሳለ መልኩ የእኛ ያልሆነ ፊልም መሥራት እንችላለን ማለት ነው።

1. ነገሩ ምንድን ነው? መቼስ ተጀመረ?

ከጌም የተቀዳን ምስል ቆርጦና ቀጥሎ፣ ድምፅ ወይም ጽሑፍ ጨምሮ የሚሠራ ፊልም «ማሺኒማ» ይባላል። ቃሉ «ማሽን» እና «ሲኒማ» የሚሉትን ሁለት ቃላት በማዳቀል የተፈጠረ ነው። ተዋናዮቹ የጌሙ ሰዎች፣ መድረኩም የጌሙ ከተማ ወይም ጫካ ነው። ካሜራው ደግሞ ስክሪኑ ራሱ ነው።

የመጀመሪያው ነው ተብሎ በብዙዎች የሚጠቀሰው «ዳያሪ ኦቭ ኤ ካምፐር» የተባለው ፊልም እ.ኤ.አ. በ1996 «ኩዌክ» ከተባለው ጌም የተሠራ ሲሆን፣ ርዝመቱ ሁለት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ድምፅ አልነበረውም፤ ተዋናዮቹ የሚነጋገሩት በጽሑፍ ነበር። (እዚህ ላይ «ካምፐር» ሲባል የካምፕ ነዋሪ ማለት አይደለም። በተጫዋቾች ቋንቋ አንድ ቦታ አድፍጦ ሌላውን የሚጠብቅ ተጫዋች ማለት ነው።)

እ.ኤ.አ. በ2003 ደግሞ በአሜሪካ ጥቂት ጓደኛሞች «ሄሎ» ከተባለው የጦርነት ጌም «ሬድ ቨርሰስ ብሉ» የተሰኘ ተከታታይ አስቂኝ ፊልም መሥራት ጀመሩ። የጌሙ ወታደሮች ፊታቸው በራስ ቁር የተሸፈነ በመሆኑ አፋቸው ሲንቀሳቀስ አይታይም። ስለዚህ የሚናገረው ማን እንደሆነ ለማሳወቅ ተናጋሪው ራሱን እንዲነቀንቅ አደረጉ። ይህች ቀላል ዘዴ ዛሬም በማንኛውም ጌም ላይ ትሠራለች።

በቅርቡም፣ እ.ኤ.አ. በ2021 እንግሊዝ አገር በኮሮና ምክንያት ቲያትር ቤቶች ተዘግተው ሳለ፣ ሥራ የፈቱ ሁለት ተዋንያን የሼክስፒርን «ሐምሌት» «ግራንድ ቴፍት ኦቶ» በተባለው ጌም ውስጥ ለመድረክ ለማብቃት ተነሡ። ይህ ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሰው ያው ቲያትር ነው። ተዋንያኑ ቃለ ተውኔቱን ሲያጠኑ በጌሙ ውስጥ የሚያልፉ የማያውቋቸው ተጫዋቾች ይተኩሱባቸው ነበር። ሙከራቸው በጌሙ ውስጥ ተቀርጾ «ግራንድ ቴፍት ሐምሌት» የሚል ፊልም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2024 ለሕዝብ ቀርቧል።

2. የአንድ ወጣት ምሳሌ

ከሁሉም በላይ እኛን ሊያስተምረን የሚችለው የአሌክስ ቻን ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 27 ቀን 2005 በፓሪስ አቅራቢያ ክሊሺ ሱ ቧ በተባለ ቦታ ሁለት የስደተኛ ቤተሰብ ልጆች ከፖሊስ ሸሽተው በኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ጣቢያ ውስጥ ሲደበቁ በኤሌክትሪክ ተይዘው ሞቱ። ከዚያ በኋላ ስደተኞች በሚበዙባቸው የፈረንሳይ የከተማ ዳርቻዎች ለሦስት ሳምንታት ያህል ሁከት ሆነ፤ መኪናዎችም ተቃጠሉ። የዓለም የዜና ማሰራጫዎች እሳቱን ደጋግመው ሲያሳዩ፣ ወጣቶቹን ለቁጣ ያበቃቸው ምን እንደሆነ የጠየቁ ጥቂቶች ነበሩ።

አሌክስ ቻን የሚኖረው በዚያው በፓሪስ ዳርቻ ነበር። ከዚያ በፊት ፊልም ሠርቶ አያውቅም። ካሜራም ተዋንያንም አልነበሩትም። በዚያው ሰሞን «ዘ ሙቪስ» የተባለ የፊልም ስቱዲዮ ማስተዳደሪያ ጌም ለገበያ ቀርቦ ስለነበር ያንን ገዛና «ዘ ፍሬንች ዲሞክራሲ» የሚል የ13 ደቂቃ ፊልም ሠራ። ፊልሙ በመታወቂያ ቁጥጥር እንዲሁም ሥራና ቤት በመፈለግ ላይ መድልዎ የደረሰባቸውን ወጣቶች ሕይወት ያሳያል።

በጌሙ ውስጥ የፓሪስ ከተማ አልነበረችም። ስለዚህ ኒውዮርክን የሚመስል መንገድና ባቡር ተጠቀመ። ድምፅ የሚሰጡ ሰዎች ስላልነበሩት ንግግሩን በግርጌ ጽሑፍ አቀረበ። ጽሑፉ እንግሊዝኛ ሲሆን የሰዋስው ግድፈት ነበረበት። ይህ ሁሉ ጉድለት እያለበት ፊልሙ ተወዶ ታየ፤ በአሜሪካና በአውሮፓ ጋዜጦችም ተጻፈለት። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የሚናገረው ነገር ነበረው፤ የተናገረውም ነገሩ ሳይረሳ፣ በጊዜው ነው።

እኛም ከዚህ የምንማረው የመሣሪያ ማነስ ታሪክ እንደማያስቀር ነው። ሉዋል ማየን የተባለውን የደቡብ ሱዳን ተወላጅም እዚህ ላይ መጥቀስ ተገቢ ነው። ያደገው በሰሜን ዩጋንዳ በሚገኝ የስደተኞች መጠለያ ሲሆን፣ እናቱ ኮምፒውተር ልትገዛለት ለሦስት ዓመት አጠራቅማ 300 ዶላር አወጣች። ባትሪውን ለመሙላት ሦስት ሰዓት በእግር ይጓዝ ነበር። በዚያች ኮምፒውተር ራሱን አስተምሮ ከጦርነት ስለሚሸሹ ሰዎች «ሰላም» የተባለ ጌም ሠርቷል።

3. ምን ያስፈልጋል?

ሀ. ጌም፦ የጌሙ ሰው በነፃነት የሚራመድበት፣ ቤትና መንገድ ያለበት ጌም ይመረጣል። «ማይንክራፍት»፣ «ሮብሎክስ» ወይም «ሳን አንድሪያስ» ለዚህ ይመቻሉ። የእግር ኳስ ጌም ለድራማ ባይመችም ለቀልድ ያገለግላል።

ለ. መቅጃ፦ አንድሮይድ 11 እና ከዚያ በኋላ የወጡ አብዛኞቹ ስልኮች የስክሪን መቅጃ አብሯቸው አለ። ጌሙ የሚገኘው ፕሌይስቴሽን ቤት ከሆነ፣ የፕሌይስቴሽን 4 መጫወቻ «ሼር» የሚል ቁልፍ አለው። ማሽኑ ካልተቀየረ በስተቀር የመጨረሻዎቹን 15 ደቂቃዎች ይዞ ስለሚቆይ በፍላሽ ገልብጦ መውሰድ ይቻላል። ለኮምፒውተር ደግሞ «ኦቢኤስ» የተባለው ፕሮግራም በነፃ ይገኛል።

ሐ. መቁረጫና መቀጠያ፦ «ካፕካት» ወይም «ኢንሾት» በስልክ ላይ ይሠራሉ።

መ. ሰው፦ ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ አምስት ሰዎች ቢተባበሩ ሥራው ይቀልላል። አንዱ ይጽፋል፤ ሁለቱ በጌሙ ውስጥ ይተውናሉ፤ አንዱ ካሜራ ይሆናል፤ አንዱ ድምፁንና ቅንብሩን ይይዛል። አራቱ አራት ስልክ ባይኖራቸው በተራ በአንድ ስልክ መሥራት ይችላሉ።

4. አሠራሩ ደረጃ በደረጃ

አንደኛ፣ ታሪኩን በወረቀት ጻፉ። ለጀማሪ ከሦስት ደቂቃ የሚበልጥ ፊልም አይመከርም። አንድ ምሳሌ እንስጥ። አንድ ወጣት ሐርጌሳ በደረሰበት ዕለት ሶማልኛ አያውቅም። ደክሞት በር ላይ ይቀመጣል። ሻይ የምትሸጥ እናት «ሻህ?» ትለዋለች። ወጣቱ ከቋንቋው የገባችው የመጀመሪያዋ ቃል ይህች ትሆናለች፤ «ሻይ» ከምንለው ብዙም አትርቅምና። ጠጥቶ ሲጨርስ ገንዘብ አትቀበለውም። «ልጅ ሳለሁ እኔም ስደተኛ ነበርኩ፤ በኢትዮጵያ ሐርትሼክ» ትለዋለች። ወጣቱም «ማሃድሰኒድ» ብሎ ያመሰግናታል።

ይህ ምሳሌ ከእውነት የራቀ አይደለም። ሐርጌሳ እ.ኤ.አ. በ1988 በቦምብ ስትደበደብ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎች ወደ ኢትዮጵያ ተሰደው ነበር። የሐርትሼክ ካምፕ የተዘጋው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። በከተማይቱ መካከል የቆመው የሚግ አውሮፕላን ሐውልትም ያንን ዘመን ያስታውሳል። ጎረቤቶቻችን ስደትን ያውቁታል፤ ብንጠይቃቸው ብዙ ይነግሩናል።

ሁለተኛ፣ ታሪኩን በትንንሽ ቀረጻዎች ከፋፍሉ። ሦስት ደቂቃ 180 ሴኮንድ ነው። እያንዳንዱ ቀረጻ 10 ሴኮንድ ቢወስድ 18 ቀረጻ ያስፈልጋል። ለእያንዳንዱ ማን እንደሚታይ፣ የት እንደሆነና ምን እንደሚባል በመስመር በመስመር ጻፉ።

ሦስተኛ፣ ስክሪኑን አጽዱ። ነጥብ፣ ካርታና የጥይት ቁጥር የሚያሳዩ ምልክቶች ከጌሙ ማስተካከያ ውስጥ የሚጠፉ ከሆነ አጥፏቸው። የማይጠፉ ከሆነ በቅንብር ጊዜ ጠርዙ ይቆረጣል።

አራተኛ፣ ቅዱ። በኅብረት በሚጫወቱት ጌም አንደኛው ተጫዋች የማይተውን ታዛቢ ሆኖ ይቁም። እርሱ የሚያየው ሁሉ ይቀዳል፤ የእርሱ ስክሪን ካሜራ ሆነ ማለት ነው። ካሜራ የሆነው ሰው በዝግታ ይንቀሳቀስ። የሚናገረው ተዋናይ ትንሽ ይነቃነቅ፤ የሚያዳምጠው ቀጥ ብሎ ይቁም። ስሜት የሚጠይቅ ንግግር ሲሆን ተዋናዩን ከጀርባው ወይም ከሩቅ ማሳየት ይሻላል፤ የጌም ፊት አያለቅስምና። እያንዳንዱን ቀረጻ ሁለት ጊዜ መቅዳት አይከፋም።

አምስተኛ፣ ድምፁን ለብቻው ቅዱ። ጄኔሬተር በማይሠራበት ሰዓት፣ ብርድ ልብስ ወይም ልብስ በተሰቀለበት ክፍል ውስጥ፣ ስልኩን ከአፍ አንድ ስንዝር አርቆ መቅዳት ነው። የሚነበብ ሳይሆን የሚወራ አማርኛ ተናገሩ። በሶማልኛ የግርጌ ጽሑፍ ብትጨምሩበት ጎረቤቶቻችንም ያዩታል።

ስድስተኛ፣ አቀናብሩ። መጀመሪያ ምስሉን በቅደም ተከተል ደርድሩ፤ ቀጥሎ ድምፁን፣ በመጨረሻም ጽሑፉን አስገቡ። ያለቀውን ፊልም በኢንተርኔት ለመላክ ገንዘብ ከሌላችሁ በብሉቱዝ ወይም በ«ዜንደር» ከስልክ ወደ ስልክ ማስተላለፍ ይቻላል።

5. ልንጠነቀቅባቸው የሚገቡ ነገሮች

ጌሙ ባለቤት አለው። እኛ ታሪኩንና ድምፁን እንጂ ጌሙን አልፈጠርንም። ብዙ ኩባንያዎች ሰዎች ከጌሞቻቸው ፊልም እንዲሠሩ ይፈቅዳሉ፤ ለምሳሌ «ሄሎ»ን የሚያወጣው ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2007 ለዚህ ሲባል ደንብ አውጥቷል። ሆኖም በአብዛኛው የሚፈቀደው ለሽያጭ ላልሆነ ሥራ ነው። ስለሆነም የጌሙን ስም በፊልሙ መጨረሻ ጥቀሱ፤ ለመሸጥም አትሞክሩ። የታወቀ ዘፋኝ ዘፈን ከማስገባት ይልቅ ከመካከላችሁ ክራር ወይም ዋሽንት የሚችል ይጫወት።

ከዚህ የሚበልጠው የደኅንነት ጉዳይ ነው። ፊት ባይታይም ድምፅ ሰውን ያሳውቃል። ታሪኩ የእናንተ ከሆነ ሌላ ሰው ያንብበው። እውነተኛ ስም፣ የትውልድ ቀበሌ፣ የተያዛችሁበት ቀን፣ የመንገድ አሻጋሪ ስም፣ የምዝገባ ቁጥር አታስገቡ። ለጥገኝነት ጥያቄያችሁ የሰጣችሁትን ቃል እንዳለ ፊልም አታድርጉት። የሌላውን ሰው ታሪክ ያለፈቃዱ አትውሰዱ፤ ሕፃናት ድምፅ የሚሰጡ ከሆነ ወላጆቻቸው ይፍቀዱ። ስክሪን ስትቀዱ የሚመጣ መልእክትና የደዋይ ስም አብሮ ስለሚቀዳ አስቀድማችሁ ማሳወቂያውን ዝጉ። በጌሙ ውስጥ የሚታየውን የተጫዋቾች ስምም ሸፍኑ።

6. ለምን እንድከም?

ቀደም ባሉት ዓመታት ስደተኛ ወገኖቻችን ለቤተሰብ ናፍቆታቸውን በካሴት ቀድተው ይልኩ ነበር። እዚህ ሐርጌሳም የባህል ማዕከሉ በሺዎች የሚቆጠሩ አሮጌ ካሴቶችን ሰብስቦ ይዟል። ከጦርነቱ በፊት የሬዲዮ ሐርጌሳ ቅጂዎች ከድብደባው እንዲተርፉ በመሬት ውስጥ ተቀብረው ነበር። ያን ድምፅ ዛሬ መስማት የተቻለው ያስቀመጠው ሰው ስለነበረ ነው። ትናንት በካሴት የተያዘው ነገር ዛሬ በስልክ ይያዛል። ያላስቀመጥነውን ግን ልጆቻችን ከየት ያገኙታል?

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ፊታችሁን ሳታሳዩ ልትናገሩት የምትፈልጉት ታሪክ የትኛው ነው? በአሥር ዓረፍተ ነገር ጻፉት።
2. ከጻፋችሁት ውስጥ ሰውን ሊያሳውቅ የሚችል ነገር አለ? ታሪኩ ሳይበላሽ በምን ሊተካ ይችላል?
3. አሌክስ ቻን ፓሪስን በኒውዮርክ ተክቷል። እናንተ ባላችሁ ጌም ውስጥ የትኛው ቦታ ለሰፈራችሁ ሊቆም ይችላል?

ጥያቄዎቹን በቡድን ተወያዩባቸው፤ ከዚያም በሳምንት አንድ ቀረጻ እያላችሁ ጀምሩ። አሥራ ስምንቱ ቀረጻ በአሥራ ስምንት ሳምንት ያልቃል። በሳምንት ሁለት ለሚሠሩ ደግሞ በግማሹ ጊዜ።

ቸር ይግጠመን!