የተዳፈነ እሳት፦ ቤትን በእንጨት ምድጃ ለማሞቅ የሚያስፈልግ ጥንቃቄ

ከማይን ወንዝ በስተደቡብ የምትገኘው ሽቫንሃይም እ.ኤ.አ. በ1928 ወደ ፍራንክፈርት ከተማ የተጠቃለለች የቀድሞ መንደር ናት። በአንድ ወገን የከተማዋ ሰፊ ደን ያዋስናታል፤ በመሐሏ ደግሞ ግድግዳቸው በእንጨት ምሰሶና ማገር የተዋቀረ አሮጌ ቤቶች ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ2022 የሩሲያ ጋዝ ሲቋረጥ በመላው ጀርመን የማገዶና የእንጨት ምድጃ ፍላጎት በእጅጉ ጨመረ። እንዲህ ባሉ ሰፈሮች በሚኖሩ ቤተሰቦች ዘንድም ምድጃው ከጌጥነት አልፎ የማሞቂያ ወጪ መቀነሻ ሆነ።

ከኢትዮጵያ የሄደ ሰው ለማገዶ እንግዳ አይደለም። ይሁን እንጂ የሣር ክዳን ያለው ጎጆ ጭሱን በየቀዳዳው ያስወጣል፤ የአውሮፓ ቤት ግን ሙቀት እንዳያመልጥ ተደፍኖ የተሠራ ነው። በዚህ ቤት ጭሱ ያለው መውጫ አንድ ብቻ ነው፤ አደጋውም በአብዛኛው የሚጀምረው ከዚያው መውጫ ነው።

እርጥብ እንጨትና ጠቀርሻ

አዲስ የተቆረጠ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውኃ ሊሆን ይችላል። እሳቱ ይህን ውኃ ለማትነን ብዙ ሙቀት ስለሚያባክን ቃጠሎው ይቀዘቅዛል፤ ያልተቃጠሉት ጋዞችም ወደ ጭስ ማውጫው ይወጣሉ። እዚያም ከቀዝቃዛው ግድግዳ ጋር ሲገናኙ እንደ ሬንጅ ይጣበቃሉ። በአገር ቤት ከማድ ቤት ጣሪያ ላይ የሚንጠለጠለው ጠቀርሻ የዚህ ዘመድ ነው።

የጀርመን ሕግ በምድጃ የሚነድ እንጨት እርጥበቱ ከደረቅ ክብደቱ 25 በመቶ በታች እንዲሆን ያዛል። ይህም ማለት ለ1 ኪሎ ግራም ፍጹም ደረቅ እንጨት ውኃው ከ250 ግራም ማነስ አለበት። ለዚህም የተፈለጠ እንጨት አየር በሚያገኝበትና ዝናብ በማይነካው ቦታ ብዙውን ጊዜ እስከ 2 ዓመት ይደርቃል። ቀለም የተቀባ ወይም በኬሚካል የታከመ እንጨት ማንደድ የተከለከለ ነው።

ጭስ ማውጫው ሲነድ

የተከማቸው ጠቀርሻ አንድ ቀን በኃይለኛ ነበልባል ከተለኮሰ፣ የጭስ ማውጫው ውስጥ ሙቀት ከ1000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊያልፍ ይችላል። ሙቀቱ በግንቡ ውስጥ ሰርጎ በአጠገቡ ያለውን ወራጅ እንጨት ሊያቀጣጥል ይችላል። የእንጨት ማገር ባላቸው ቤቶች ሥጋቱ የሚከፋው ለዚህ ነው።

በዚህ ጊዜ ውኃ ማፍሰስ ከሁሉ የከፋ ስሕተት ነው። 1 ሊትር ውኃ ሲተን ወደ 1700 ሊትር ገደማ እንፋሎት ስለሚሆን ጭስ ማውጫውን ሊያፈነዳው ይችላል። ትክክለኛው እርምጃ የምድጃውን በርና የአየር ማስገቢያ መዝጋት፣ የቤቱን ሰው ማስወጣትና በ112 የእሳት አደጋ መከላከያን መጥራት ነው።

መከላከያው ግን ቀደም ብሎ ይጀምራል። በጀርመንኛ ሾርንሽታይንፌገር የሚባለው ጭስ ማውጫ ጠራጊ፣ በእንጨት የሚሠራን ምድጃ ጭስ ማውጫ እንደ አጠቃቀሙ መጠን በዓመት ከ1 እስከ 4 ጊዜ ይጠርጋል። የወረዳው ባለሥልጣን ጠራጊም በ7 ዓመት ውስጥ 2 ጊዜ ምድጃውን እየዞረ ይመረምራል። አዲስ ምድጃ ከመለኮሱ በፊት የእርሱን ፈቃድ ማግኘት አለበት፤ ተከራይም የአከራዩን ስምምነት መጠየቅ ይኖርበታል።

ፍንጣሪና ረመጥ

ወለሉ እንጨት ወይም ምንጣፍ ከሆነ፣ ከምድጃው በር ፊት ለፊት ቢያንስ 50 ሳንቲ ሜትር፣ ወደ ጎንና ጎን ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል የማይቀጣጠል ንጣፍ ያስፈልጋል። ከመጋረጃና ከዕቃ የሚኖረው ርቀት በምድጃው መለያ ሰሌዳ ላይ ተጽፏል። ልብስ ማድረቂያና የማገዶ ክምር ከዚህ ርቀት ውጭ ሊቀመጡ ይገባል።

አመድም አይታመንም። የኢትዮጵያ እናቶች ማታ ፍሙን በአመድ ዳፍነው ጧት እንደገና የሚያነዱት አመድ አየርን ስለሚገታና ሙቀትን ስለሚይዝ ነው። ያው ባሕርይ በፕላስቲክ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ቃጠሎ ያስነሣል፤ ረመጡ ከአንድ ቀን በላይ ሊቆይ ይችላልና። ስለዚህ አመድ ክዳን ባለው የብረት ዕቃ ውስጥ፣ ከቤት ውጭ፣ ቢያንስ 2 ቀን ይቀመጥ።

ሽታ የሌለው መርዝ

የማብሰያ ጭስ መሳቢያ በተደፈነ ቤት ውስጥ ሲሠራ አየር ይጎድላል፤ የምድጃው ጭስም ተመልሶ ሊገባ ይችላል። ከጭሱ ጋር የሚመጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ በደም ውስጥም ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኃይል ይጣበቃል። በመሆኑም ምድጃና ወደ ውጭ የሚያስወጣ መሳቢያ አብረው የሚሠሩት፣ መስኮት ካልተከፈተ መሳቢያውን የሚያቆም መቆጣጠሪያ ሲኖር ነው።

በሔሰን ክፍለ ግዛት የጭስ ማንቂያ በመኝታ ክፍሎችና በመውጫ መተላለፊያዎች ግዴታ ነው፤ ለነባር ቤቶች የተሰጠው ጊዜ ያበቃው እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻ ነው። ይሁን እንጂ የጭስ ማንቂያ ካርቦን ሞኖክሳይድን አይለይም፤ ለእርሱ ሌላ ማንቂያ ያስፈልጋል።

ይህ ምድጃ በሌላቸው ቤቶችም ይሠራል። ለቡና የሚቀጣጠል ከሰል ጭሱ ካለቀና ፍሙ ከቀላ በኋላም መርዙን መልቀቁን አያቆምም። በጎጆ ቤት ሲያመልጥ የኖረው ጋዝ በተዘጋ አፓርታማ ውስጥ ይጠራቀማል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ድካም በአንድ ክፍል ያሉትን ሰዎች በአንድ ጊዜ ከያዛቸው፣ የቡናው ጭስ ነው ብሎ ማለፍ አይገባም፤ ወዲያው ከቤት መውጣትና ከውጭ ሆኖ 112 መደወል ያስፈልጋል። በተዘጋ ቤት ጀበናውን በኤሌክትሪክ ምድጃ ማፍላት፣ ከሰሉን ደግሞ ደጅ ለሚፈላ ቡና መተው የተሻለ ነው።