የመብራት ዋጋ ሲንር ዕዳው የማን ነው?

ኤሌክትሪክ እንደ ጤፍ ጎተራ ገብቶ ዋጋ የሚጠበቅለት ሸቀጥ አይደለም። ባትሪና ግድብ ቢያግዙም የሚመነጨውና የሚፈጀው ኃይል በየሰከንዱ መመጣጠን አለበት። ስለዚህ እጥረት ሲፈጠር የጅምላ ዋጋው በሰዓታት ውስጥ መቶ እጥፍ ሊንር ይችላል። ታዲያ ይህን ስጋት ማን ይሸከመው? ሁለት የአሜሪካ ግዛቶች የሰጡትን መልስ እንመልከት።

ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ1998 ገበያውን ስትከፍት የችርቻሮ ታሪፉን አገደች። አከፋፋዮቹ ግን የሚገዙት በአብዛኛው ከዕለቱ ገበያ ነበር። በ2000 የጅምላ ዋጋው ሲያሻቅብ በውድ ገዝቶ በርካሽ መሸጥ ግድ ሆነ፤ ፒጂ ኤንድ ኢ የተባለው ትልቅ አከፋፋይም በ2001 የክስረት ማመልከቻ አስገባ። ደንበኛው በበኩሉ ጭማሪው ስላልተሰማው አምፖል የሚያጠፋበት ምክንያት አልነበረውም።

ቴክሳስ ውስጥ ነገሩ ተገለበጠ። ግሪዲ የተባለው ሻጭ የጅምላውን ዋጋ እንዳለ ለቤተሰብ ያስተላልፍ ነበር። በፌብሩዋሪ 2021 ውርጩ የኃይል ማመንጫዎችንና የጋዝ መስመሮችን ሲያሽመደምድ፣ የአንድ ሜጋዋት ሰዓት ዋጋ ጣሪያው ላይ፣ 9,000 ዶላር ደርሶ ለቀናት ቆየ። የሺህ ዶላሮች ሂሳብ የመጣባቸው ቤተሰቦች ነበሩ። «ዋጋ ሲወደድ ሰው ይቀንሳል» እንላለን፤ በውርጭ ግን ማሞቂያ አጥፉ ማለት ቀልድ ነው! ግዛቲቱ በዚያው ዓመት እንዲህ ያለውን ውል ለመኖሪያ ቤቶች ከለከለች።

መፍትሔው ምንድን ነው? በምሳሌ እንየው። አንድ ሻጭ 100 ሜጋዋት ሰዓት በ50 ዶላር አስቀድሞ ተዋውሏል እንበል። በብርዱ ቀን ደንበኞቹ 120 ፈለጉ፤ የገበያው ዋጋ 9,000 ነው።

ሀ) በውሉ፦ 100 × 50 = 5,000 ዶላር።
ለ) ከውሉ ውጪ፦ 20 × 9,000 = 180,000 ዶላር።

ልብ በሉ፣ ውሉ የጠበቀው ዋጋውን እንጂ መጠኑን አይደለም። የጎዳው ያቺ ትርፍ 20 ናት። አሁን ሻጩ ሥራቸውን ለጥቂት ሰዓት ማቆም ከሚችሉ ፋብሪካዎች ጋር ቀድሞ ተስማምቶ፣ ለሚቀንሱት ለእያንዳንዱ ሜጋዋት ሰዓት 1,000 ዶላር ቢከፍል፣ ወጪው 20,000 ብቻ ይሆናል። ጠቅላላው ከ185,000 ወደ 25,000 ዶላር ወረደ ማለት ነው።

ለቤተሰብም የሚሆን መንገድ አለ። ካሊፎርኒያ በ2001 በጋ ፍጆታውን ካለፈው ዓመት በ20 በመቶ ለቀነሰ ደንበኛ ከሂሳቡ 20 በመቶ ቀንሳለታለች። ሰውየው ቢቀንስ ይጠቀማል፣ ባይቀንስ ግን አይከስርም።

በአጭሩ፣ ውል ያለ ፍጆታ ቅነሳ ግማሽ ጃንጥላ ነው። አገራችንም ከ2022 ጀምሮ ለኬንያ በረዥም ጊዜ ውል ኃይል እየሸጠች ስለሆነ፣ ነገ ውል የምናረቅቀው እኛ ልንሆን እንችላለን። ያኔ «ዋጋው ስንት ነው?» ብለን ብቻ አናቁም፤ «ፍጆታው ከታሰበው ቢያልፍ ማን ይከፍላል?» ብለንም እንጠይቅ።