ፍራንክፈርት ላይ ለአንድ ለሁለት ሌሊት አልጋ ለሚይዙ፦ ማሳሰቢያ

ፍራንክፈርት የሚመጣ ኢትዮጵያዊ ብዙውን ጊዜ ዘመድ ቤት ያርፋል። ዘመድ የሌለው፣ የዘመዱ ቤት የጠበበ፣ ወይም እንቅልፉን የሚወድ ግን አልጋ ይይዛል። ትልልቆቹ ሆቴሎች ቀንም ሌሊትም በር የሚከፍት ሰው ስላላቸው ብዙ ምክር አያሻቸውም። ይህ ማሳሰቢያ ከማይን ወንዝ ማዶ በዛክሰንሃውዘን፣ በቦርንሃይም ወይም በምዕራብ በኩል በሆኽስት፣ ጋስትሆፍ የሚባለውን ባህላዊ ማደሪያ ለሚመርጡ ነው። ታች ምግብና መጠጥ ቤት፣ ላይ ጥቂት ክፍሎች አሉት፤ የሚያበስለውም፣ ሂሳብ የሚቀበለውም፣ ቁልፍ የሚሰጠውም አብዛኛውን ጊዜ ባለቤቱ ወይም የቤተሰቡ ሰው ነው። ርዮካን የሚባለው የጃፓን ባህላዊ ማደሪያ እንግዳውን ጫማ አስወልቆ እራቱን በራሱ ሰዓት እንደሚያቀርብ ሁሉ፣ ይኸኛውም ቤት የራሱ ሥርዓት አለው። ሥርዓት የሚያስጨንቀው ሰው ሌላ ቦታ ቢያድር ለሁለቱም ይበጃል።

ቀን ከመቁረጥዎ በፊት የከተማዋን የንግድ ትርኢት መርሐ ግብር ይመልከቱ። በፌብሩዋሪ አምቢየንቴ፣ በኦክቶበር የመጽሐፍ ዐውደ ርእይ፣ በየሁለት ዓመቱ በሴፕቴምበር ደግሞ የመለዋወጫ ነጋዴዎቻችን በደንብ የሚያውቁት አውቶሜካኒካ አለ። በእነዚያ ቀናት የአልጋ ዋጋ እጥፍና ከዚያም በላይ ይሆናል። ለሠርግ ወይም ለክርስትና የሚመጣ ሰው በአንድ ሳምንት ቢያዘገየው ብዙ ገንዘብ ይተርፈዋል። ቀኑ የማይቀየር ከሆነ ኤስ ባን በሚባለው የከተማ ባቡር መስመር ላይ ያሉትን ኦፈንባኽን፣ ሃናውን፣ ማይንዝን ወይም ዳርምሽታትን ይሞክሩ።

በፎቶ አይምረጡ። ሮመርበርግ አደባባይ ላይ ሰው ሁሉ ፎቶ የሚነሳባቸው ባለ እንጨት ማገር ቤቶች እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ እንደገና የተሠሩ ናቸው፤ አጠገባቸው ያለው «አዲሱ አሮጌ ከተማ»ም የተከፈተው በ2018 ነው። የድሮው በማርች 1944 በአውሮፕላን ድብደባ ተቃጥሏል። እውነተኛ አሮጌ ቤት ማየት የሚፈልግ ሆኽስት ይሂድ። አሮጌ ቤት ግን ደረጃው ጠባብ ነው፣ ሊፍት የለውም፣ አንዳንዴ ሻወሩ ኮሪደር ላይ ነው። ሁለት ባለ 23 ኪሎ ሻንጣ ይዞ ለሚመጣ ሰው ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ስንተኛ ፎቅ እንደሆነ፣ ሊፍት እንዳለ፣ ሻወርና መጸዳጃው ክፍሉ ውስጥ መሆኑን ከመያዝዎ በፊት ይጠይቁ። እናትዎን ይዘው ከመጡማ ይህን ሳይጠይቁ አይያዙ። በአሮጌው ዛክሰንሃውዘን ዓርብና ቅዳሜ ሌሊት ጭፈራው መንገድ ላይ ስለሚወጣ፣ መስኮቱ ወደ ግቢ የሚያይ ክፍል ይለምኑ።

በዋናው ባቡር ጣቢያ ዙሪያ ርካሽ አልጋ ሞልቷል። ሰፈሩ ለመጓጓዣ የሚመች፣ የየአገሩ ምግብ የሚገኝበት ነው፤ ሲወራበት እንደሚሰማውም ሰው አይበላም። ይሁን እንጂ የዕፅ ተጠቃሚዎች በየደጃፉ የሚቀመጡበት፣ ሌሊቱን ሙሉ የማይተኛ ሰፈር ስለሆነ፣ ከልጆች ጋር ወይም መሽቶ ለሚገባ ሰው አልመክረውም።

ከሁሉ በላይ ሰዓት ይጠይቁ። እንግዶቻችን ብዙ ጊዜ የሚቸገሩት እዚህ ላይ ነው። የአዲስ አበባው በረራ አብዛኛውን ጊዜ ማለዳ ይደርሳል፤ ክፍሉ ግን የሚዘጋጀው ከቀኑ 9 ሰዓት ግድም ነው። ጠዋት ደርሰው ሻንጣዎን ብቻ ማስቀመጥ ከፈለጉ አስቀድመው ይደውሉና ያስፈቅዱ። ምሽት የሚደርሱ ከሆነ ደግሞ ቁልፍ የሚሰጠው ሰው እስከ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ይጠይቁ። ምግብ ቤቱ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን ይዘጋል፤ በዚያ ቀን ቁልፉ በር ላይ ባለ ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ሊጠብቅዎ ይችላል፤ የሳጥኑን ቁጥር ሳይቀበሉ አይምጡ። ጀርመኖች «20 ሰዓት» ሲሉ በእኛ ምሽት 2 ሰዓት ነው፤ በሁለቱም አቆጣጠር ወረቀት ላይ ይጻፉት። እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ በፍራንክፈርት አየር ማረፊያ ከሌሊቱ 5 እስከ 11 ሰዓት መደበኛ በረራ አይፈቀድም። ስለዚህ የመጨረሻዎቹ በረራዎች የሚያርፉት ከዚያ ጥቂት ቀደም ብለው ነው፤ በዚያ ሰዓት ትንሹ ማደሪያ ተኝቷል። እንዲህ ዓይነት በረራ የያዘ ሰው የመጀመሪያዋን ሌሊት አየር ማረፊያው አጠገብ ባለ ሆቴል ቢያድር ይሻለዋል።

ለቪዛ ማመልከቻ ብቻ ብለው አልጋ ይዘው አይጥፉ። አምስት ክፍል ላለው ቤት አንድ ባዶ ክፍል ትልቅ ጉዳት ነው፤ ከዚያ በኋላ ቅድሚያ ክፍያ የሚጠየቀው ደግሞ ቀጥሎ የሚመጣው ባለ ኢትዮጵያ ፓስፖርት ነው። በኢንተርኔት የተገዛ ዕቃ በ14 ቀን ይመለሳል የሚለው የጀርመን ሕግም ቀኑ ተቆርጦ ለተያዘ አልጋ አይሠራም። ያለ ክፍያ መሰረዝ የሚቻልበት ውል ካልያዙ፣ ባይመጡም ቤቱ ዋጋውን ሊጠይቅዎ ይችላል፤ የሚቀንሰው ያልወጣበትን ወጪ ብቻ ነው፤ በተለመደው አሠራር ለክፍል ብቻ ከሆነ 10 በመቶ፣ ከነቁርሱ ከሆነ 20 በመቶ ያህል።

የሚነገርዎ ዋጋ ቀረጡን ያካተተ ነው። ከተማዋ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ የምታስከፍለው የቱሪዝም መዋጮ ግን ለብቻው ሊታከል ይችላል፤ ሲጀመር በሰው በሌሊት 2 ዩሮ ነበር። ለሥራ የመጣ ሰው ማስረጃ ካቀረበ አይከፍልም። ካርድ ይቀበሉ እንደሆነም ይጠይቁ፤ ጥሬ ገንዘብ ብቻ የሚሉ ቤቶች አሁንም አሉ።

ሲደርሱ ፎርም ሞልተው ይፈርማሉ፣ ፓስፖርት ያሳያሉ። ጎንዎ ያለው ጀርመናዊ ሳይሞላ ሲያልፍ አይቶ የሚከፋ ሰው አለ። ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ ግዴታው ለጀርመን ዜጎች ቀርቶ ለውጭ ዜጎች የቀጠለው በሕግ ነው፤ በባለቤቱ አይቆጡ።

ክፍል ውስጥ ቡና አያፍሉ፣ ዕጣን አያጢሱ፣ ከሰል ደግሞ በፍጹም አያቀጣጥሉ። ጣሪያው ላይ የጭስ መጠቆሚያ አለ፤ ከእሳት አደጋ መከላከያ ጋር የተያያዘ ከሆነ መኪናው ይመጣል፣ ሂሳቡም ወደ እርስዎ ሊዞር ይችላል። በተዘጋ ክፍል የከሰል ጭስ ሰው እንደሚገድል ከአገር ቤት እናውቃለን፤ ጠባብና ሙቀት እንዳያባክን ተብሎ ጥብቅ ተደርጎ የተዘጋ የጀርመን ክፍል የባሰ ነው። መስኮት ከፍቼ አጢሳለሁ የሚለውም አያዋጣም፤ መጋረጃውና ፍራሹ የያዘውን ሽታ ለቀጣዩ እንግዳ ያስተላልፋሉ። ጀበናውን ለዘመድ ቤት ያቆዩት፤ ከተማዋ ውስጥ ቡና ከነሥርዓቱ የሚያቀርቡ የእኛ ምግብ ቤቶችም አሉ።

ዘመድ ሁሉ ክፍልዎ ድረስ መጥቶ እንዲጠይቅዎ አይፍቀዱ። እኛ ዘንድ እንግዳን ሳይጠይቁ መቅረት ነውር ነው፤ እዚህ ግን ለሁለት ሰው የተያዘ ክፍል ለሁለት ሰው ነው፤ ስምንት ሰው በእንጨት ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ ቤቱ ሙሉ ይሰማዋል። መፍትሔው ታች ነው፦ ጠረጴዛ አስይዘው ዘመዶችዎን እዚያው ምግብ ቤት ይጋብዙ። ባለቤቱ ደስ ይለዋል፣ እርስዎም እንደ ልብ ይጫወታሉ። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ የጸጥታ ሰዓት ነው፤ በአምላክ ስም፣ ኮሪደር ላይ ቆሞ በስፒከር ስልክ ማውራት ይቅር።

ምግብን በተመለከተ፣ የእነዚህ ቤቶች ማዕድ አሳማ ይበዛበታል፤ ሙስሊም እንግዶች ስለ ሥጋው ብቻ ሳይሆን ስለ ሾርባውና ስለ ድንቹም ይጠይቁ፤ ውስጡ የአሳማ ሥጋ ጣል ሊደረግበት ይችላል። የሚጾም ሰው «ቪጋን» ይበል። የከተማዋ መኩሪያ የሆነው፣ በሰባት ዓይነት ቅጠል የሚሠራው አረንጓዴ ሶስ ጾም ይመስላል፤ ግን ወተት ነክ ነገር ይገባበታል፣ ከእንቁላል ጋርም ይቀርባል። የፖም ወይኑ እንደ ጠላ ቀለል ብሎ ስለሚጠጣ ያታልላል፤ አልኮሉ ከ5 እስከ 6 በመቶ ነው። የማይጠጣ የፖም ጭማቂ ያዝዛል፤ ማንም አያየውም።

እሑድ ሱቅ ዝግ ስለሆነ የሚያስፈልግዎን ቅዳሜ ይግዙ፤ በአብዛኛው የሚሠሩት የባቡር ጣቢያውና የአየር ማረፊያው ሱቆች ናቸው። የቧንቧ ውኃው ይጠጣል። ባቡር ላይ ያለ ትኬት መገኘት 60 ዩሮ ያስቀጣል።

አልጋውን ለእንግዳችሁ የምትይዙት እዚሁ የምትኖሩ ዘመዶች ሆይ፣ ለቤቱ የራሳችሁን ስልክ ስጡ፣ ቋንቋ ሲያግድ የሚደወልላችሁ እናንተ ሁኑ፤ አውሮፕላኑ ከዘገየ ወይም እንግዳው ከቀረ በዚያው ቀን ደውላችሁ አሳውቁ።