በቬትናሞች ማዕድ የተቀመጠ ነጋዴ ሊያስተውለው የሚገባ ነገር

በአሜሪካ በቨርጂኒያ ክፍለ ሀገር፥ ፎልስ ቸርች በተባለችው ከተማ፥ ኤደን ሴንተር የሚባል የገበያ ስፍራ አለ። ሱቆቹና ምግብ ቤቶቹ ከመቶ የሚበልጡ ሲሆኑ አብዛኞቹ የቬትናሞች ናቸው። በአካባቢው ብዙ ኢትዮጵያውያን ስለሚኖሩ፥ ለጉዳይ ከሀገር ቤት የሄደ ነጋዴ አንድ ቀን ወደዚያ ለምሳ ሊጋበዝ ይችላል።

ስመ ጥሩው ምግብ ፎ ይባላል። ይኸውም ከሩዝ የተሠራ ጠፍጣፋ ፓስታ ከበሬ አጥንት መረቅ ጋር በትልቅ ጎድጓዳ ሳሕን የሚቀርብ ነው። መረቁ እሳት ከነካው ሽንኩርትና ዝንጅብል፥ ከቀረፋና ኮከብ ከሚመስል ቅመም ጋር ለብዙ ሰዓት በዝግታ ሲፈላ ይቆያል። በስሱ የተቆረጠው ጥሬ ሥጋ ግን የፈላው መረቅ ሲፈስበት ብቻ ይበስላል፤ ለብለብ ለለመደ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይሆንበትም። በሶብላ የሚመስል ቅጠል፥ የማሾ ቡቃያ፥ ሎሚና ቃሪያ ለብቻው ይመጣል፤ የሚጨምረው በላተኛው ራሱ ነው። መረቁን ሳይቀምሱ ቃሪያ መጨመር ስሕተት ነው። በሁለቱ እንጨቶች መብላት የማይችል ሰው ሹካ ቢጠይቅ የሚያፍርበት ነገር የለም።

ነጋዴው ልብ ሊለው የሚገባው ሰዓቱን ነው። ምግቡ በታዘዘ በጥቂት ደቂቃ ይቀርባል፤ ድካሙ ሁሉ እንግዳው ደጁን ከመርገጡ በፊት አልቋልና። እንዲህ ያለ ቤት የሚያተርፈው አንድ ወንበር በቀን ብዙ ሰው ሲያስተናግድ ስለ ሆነ፥ ሰው ቆሞ ወረፋ ሲጠብቅ በባዶ ሳሕን ፊት ወግ ማስረዘም ባለቤቱን መጉዳት ነው።

በጾም ቀን የተጋበዘ ሰው «ቻይ» ብሎ ይዘዝ፤ በቋንቋቸው ሥጋና ዓሣ የሌለበት ማለት ነው። ይህን ሳይናገር አትክልት ያዘዘ እንደ ሆነ፥ ከዓሣና ከጨው የሚጠመቀው ማጣፈጫ ሳያውቀው ሊገባበት ይችላል። ስለ እንቁላል ግን ለይቶ መጠየቅ ይገባዋል።

ከምሳ በኋላ ቡናው ከትንሽ የብረት ማጥለያ ጠብ ጠብ እያለ ጣፋጭ የቆርቆሮ ወተት ባለበት ብርጭቆ ይወርዳል። ቬትናም በቡና ምርት ከብራዚል ቀጥላ በዓለም ሁለተኛ ናት። ይሁን እንጂ አሜሪካ እስከ 1994 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ከቬትናም ጋር መነገድን ከልክላ ስለ ነበር፥ ብዙዎቹ ስደተኞች ካፌ ዱ ሞንድ የተባለውን፥ ቺኮሪ የሚሉት የተቆላ ሥር የተቀላቀለበትን የኒው ኦርሊንስ ቡና ለመዱ። ክልከላው ከተነሣ በኋላም ያንን ያልተዉ አሉ። ቡና ላኪዎቻችን ይህን ቢያስቡበት መልካም ነው።

ቬትናሞቹ በዚያ ስፍራ የተሰበሰቡበት ምክንያት ደግሞ ኪራይ ነው። ሳይጎን በ1975 ከወደቀች በኋላ የመጡት ነጋዴዎች አስቀድመው ሱቅ የከፈቱት ክላረንደን በተባለው የአርሊንግተን ሰፈር ነበር። ከመሬት በታች ለሚሄደው ባቡር መንገዱ ሲቆፈር ገበያተኛ ርቆ ኪራዩ ወርዶ ነበርና። ነገር ግን የተሰጣቸው ውል አጭር ነበር። በ1979 ጣቢያው ተከፍቶ የቦታው ዋጋ በወጣ ጊዜ ኪራዩ ተወደደባቸው፤ ብዙዎቹም ለቅቀው በ1984 ወደ ተከፈተው ወደ ኤደን ሴንተር ሄዱ። ደንበኞቻቸው ተከተሏቸው፤ የቀድሞውን ሱቅ ለማሳደስ የወጣው ገንዘብ ግን ለባለ ቤቱ ቀረ።