64 ባይት የሚያህል የድንበር መዝገብ፦ ዶስ ዲስክን እንዴት ይከፋፍል ነበር?

ላፕቶፓችሁ ላይ ዊንዶውስ ሳይነካ ሊነክስ ለመጫን ሞክራችሁ ከሆነ «ፓርቲሽን» የሚለው ገጽ ላይ ስትደርሱ እጃችሁ ሳይንቀጠቀጥ አልቀረም። ፍርሃቱ መሠረት አለው፤ አንድ የተሳሳተ ምርጫ የመመረቂያ ጽሑፋችሁን ከነፎቶዎቻችሁ ይዞ ሊሄድ ይችላል። ዲስኩ ላይ በትክክል ምን እንደሚጻፍ ማወቅ ግን ብዙ ያግዛል።

አይቢኤም በ1983 (እ.ኤ.አ.) ፒሲ ኤክስቲን 10 ሜጋባይት ከሚይዝ ሃርድ ዲስክ ጋር አወጣ። የዛሬ ስልክ የሚያነሳቸው ሁለት ሦስት ፎቶዎች ይሞሉታል! አብሮት የመጣው ዶስ 2.0 ዲስኩን የሚከፍለው ኤፍዲስክ በሚባል ፕሮግራም ነበር። ይህችን ትንሽ ቦታ መክፈል ለምን አስፈለገ? ያኔ ዶስ ብቻውን አልነበረም፤ እንደ ሲፒኤም-86 ያሉ ሌሎች ሥርዓቶችም ነበሩ፣ አንዱ የሌላውን ፋይል አያውቅም። ስለዚህ ሁሉም የሚያነቡት የድንበር መዝገብ ተበጀ።

መዝገቡ የሚገኘው በዲስኩ የመጀመሪያ ሴክተር ነው። ሴክተሩ 512 ባይት ነው፤ 446ቱ ኮምፒውተሩን ለሚያስነሳው አጭር ፕሮግራም፣ 64ቱ ለሠንጠረዡ፣ የቀሩት 2 ባይቶች ደግሞ ለማረጋገጫ ምልክት። አንድ ክፍል 16 ባይት ስለሚወስድ 64 ለ16 ሲካፈል 4 ይሆናል። «ከአራት በላይ ዋና ፓርቲሽን አይቻልም» የሚባለው ከዚህ የመጣ ነው። በእያንዳንዱ 16 ባይት ውስጥ ክፍሉ የሚነሳ መሆን አለመሆኑ፣ ዓይነቱ፣ የት እንደሚጀምርና ስንት ሴክተር እንደሆነ ይጻፋል።

የሴክተር ብዛት የሚጻፈው በ32 ቢት ነው፤ ዶስ ራሱ ግን ለረጅም ጊዜ በ16 ቢት ይቆጥር ነበር። 65,536 ሴክተር በ512 ሲባዛ 32 ሜጋባይት ይሆናል። 40 ሜጋባይት ዲስክ የገዛ ሰው 8ቱን ዶስ አያይለትም ማለት ነው። በ1987 የወጣው ዶስ 3.3 ችግሩን በዘዴ አለፈው፦ ከአራቱ አንዱን መያዣ አድርጎ በውስጡ ሌሎች ክፍሎችን ደረደረ። እነዚህ እንደ ሰንሰለት የተያያዙ ናቸው፤ አንዱ የሚቀጥለው የት እንዳለ ይናገራል። በእኔ እይታ ደካማ ንድፍ ነው፤ አንድ ቀለበት ከተበላሸ ከእሱ በኋላ ያሉት ሁሉ ከዓይን ይሰወራሉ። ዶስ 4.0 ቆጠራውን ወደ 32 ቢት አሳደገው።

ሠንጠረዡ ራሱ ደግሞ በ32 ቢቱ ምክንያት 2 ቴራባይት ላይ ይቆማል። ዛሬ የተተካው ጂፒቲ በሚባለው ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ 128 ክፍሎች ይይዛል፣ ቅጂውንም ዲስኩ መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል።

ወደ ፍርሃታችን እንመለስ። በዚህ በድሮው ሠንጠረዥ አንድ ዋና ፓርቲሽን «ሲሰረዝ» የሚጠፋው የእሱ 16 ባይት ነው፤ ፋይሎቹ ባሉበት ናቸው። ስለዚህ ቢሳሳታችሁ ፎርማት አታድርጉ፣ በዚያ ዲስክ ላይም ምንም አትጻፉ። ኮምፒውተሩን ከፍላሽ አስነሡና እንደ ቴስትዲስክ ባለ ነፃ ፕሮግራም የድሮውን ድንበር አስፈልጉ።